የመጨረሻው ባንድ ምን ተብሎ ይጠራ?

(በሙዚቃ ክበባችን የውይይት ምሽት የተነበበ ንግግር)




ዛሬ ለውይይት ያቀረብነው ጉዳይ ከአገራችን ርቆ የተፈጸመ ነው። ጂሚ ሄንድሪክስ የተባለው አሜሪካዊ የጊታር ሊቅ በሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 ዓ.ም. በለንደን ከተማ በ27 ዓመቱ ሞተ። (በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እርሱ ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል፤ አድናቂዎቹ ግን እስከ ዛሬ አንድ ክርክር አልለቀቁም። ይኸውም የመጨረሻው ባንዱ የትኛው ነበር? ስሙስ ማን ነው? ከቀድሞዎቹ ይሻል ነበር ወይስ ያንስ ነበር? የሚለው ነው።

ነገሩ ለሰሚው ጨዋታ ይመስላል። እኛ ግን ከጨዋታው በታች አንድ ቁም ነገር አለ እንላለን። ቁም ነገሩም አጃቢ የሚባለው ሰው ለሥራው ባለቤት ነው ወይስ የተከራየ እጅ ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

አስቀድመን ታሪኩን በቅደም ተከተል እንመልከት፤ የዘመኑን ቅደም ተከተል ሳያውቁ መከራከር ጩኸት ብቻ ነውና።

ሄንድሪክስ በ1942 ዓ.ም. በሲያትል ከተማ ተወለደ። በ1961 ዓ.ም. በአሜሪካ ጦር የ101ኛው አየር ወለድ ክፍል ወታደር ሳለ፣ ፎርት ካምቤል በተባለው ሰፈር ውስጥ ጊታር ሲመታ ቢሊ ኮክስ የሚባል ወታደር በመስኮት ሰማውና ገብቶ ተዋወቀው። ኮክስ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር። ይህን ስም ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን። ከጦሩ ከወጣ በኋላ ሄንድሪክስ ለእነ ሊትል ሪቻርድና ለአይዝሊ ወንድማማቾች አጃቢ ሆኖ አገለገለ። እንግዲህ የአጃቢነትን ኑሮ ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ራሱ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. ቻስ ቻንድለር የተባለ እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ ወደ ለንደን ወሰደውና «ኤክስፒሪየንስ» የተባለው ባንድ ተቋቋመ። ድራሙን ሚች ሚቸል፣ ቤዙን ኖኤል ሬዲንግ ያዙ፤ ሁለቱም እንግሊዛውያን ናቸው። ሬዲንግ ጊታሪስት ነበረና ቤዙን የያዘው ቦታው ክፍት ስለ ነበረ ነው። ሚቸል ደግሞ ጆሮው በጃዝ የተቀረጸ ልጅ ነበር። እነዚህ ሦስቱ ከ1967 እስከ 1968 ዓ.ም. ባሉት ሁለት ዓመታት ሦስት ታላላቅ ሸክላዎች አወጡ። የጊታርን ድምፅ በኤሌክትሪክ መሣሪያ እያጣመሙና እያስረዘሙ፣ የተቀዳውን ክር ወደ ኋላ እያዞሩ፣ ሳይኬደሊክ ሮክ የተባለውን የሙዚቃ ዓይነት ከፍ ካደረጉት መካከል ሆኑ። ባንዱ ለመጨረሻ ጊዜ በመድረክ የቆመው በጁን 29 ቀን 1969 ዓ.ም. በዴንቨር ከተማ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ይወሳሰባል። በኦገስት 1969 ዓ.ም. በዉድስቶክ ሄንድሪክስ ስድስት ሰዎች ሆነው ወጡ፤ ቤዙን የያዘው ያ የጦር ሰፈሩ ወዳጁ ቢሊ ኮክስ ነበር። አስተዋዋቂው በቀድሞው ስም ሲጠራቸው ሄንድሪክስ እዚያው መድረክ ላይ አረመው። በዓመቱ መጨረሻ ሌሊትና በጃኑዋሪ 1 ቀን 1970 ዓ.ም. ደግሞ ከኮክስና ከድራም ተጫዋቹ ከበዲ ማይልስ ጋር «ባንድ ኦቭ ጂፕሲስ» በሚል ስም በኒውዮርክ ተጫወተ። ሦስቱም ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ይህም ባንድ ዕድሜው አጭር ሆነ፤ በጃኑዋሪ 28 ቀን በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሁለት ዘፈን ብቻ ተጫውቶ ተቋረጠ፤ ማይልስም ተሰናበተ።

በዚህ ጊዜ የቀድሞው ኤክስፒሪየንስ ይመለሳል ተብሎ ተነገረ። ነገር ግን የተመለሰው ሚቸል ብቻ ነው፤ በሬዲንግ ቦታ ኮክስ ጸና። እነዚህ ሦስቱ በኤፕሪል 25 ቀን 1970 ዓ.ም. ከሎስ አንጀለስ ጀምረው «ክራይ ኦቭ ላቭ» የተባለውን ጉዞ አደረጉ፤ በበርክሌይ፣ በአትላንታ፣ በሐዋይ ደሴቶች፣ ቀጥሎም በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት ተጫወቱ። የመጨረሻው ቀን በጀርመን አገር በፌማርን ደሴት ሴፕቴምበር 6 ነበረ። ከዚያ በኋላ ኮክስ ታሞ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። በ12ኛው ቀን ሄንድሪክስ ሞተ።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። አድናቂዎች በሦስት ወገን ተከፍለዋል።

አንደኛው ወገን «ይህ ያው ኤክስፒሪየንስ ነው» ይላል። ማስረጃው በየከተማው የተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። በ2020 ዓ.ም. የወጣው የማዊ ደሴት ቅጂ እንኳ የሚሸጠው በዚሁ ስም ነው።

ሁለተኛው ወገን «አይደለም፤ ድራም ተጫዋቹን የለወጠ ባንድ ኦቭ ጂፕሲስ ነው» ይላል። ቤዙ የኮክስ ነው፤ «ማሺን ገን»ን የመሳሰሉት አዳዲስ ዘፈኖችም ከዚያ የመጡ ናቸው። ከዚህ ክርክር በስተ ጀርባ የቀለም ጥያቄ እንዳለበትም መሸሸግ አይገባም። ሄንድሪክስ ከሁለት ነጭ እንግሊዛውያን ጋር በመቆሙ ከወገኑ ራቀ የሚሉ ነበሩ፤ ከሁለት ጥቁር ወንድሞቹ ጋር ሲቆም ወደ ቤቱ ተመለሰ የሚሉም ነበሩ።

ሦስተኛው ወገን የመጨረሻው ባንድ ራሱን የቻለ ነው ይላል። እኛም ከዚህ ወገን ነን፤ ምክንያታችንም ማስታወቂያ ሳይሆን ጆሮ ነው።

ሦስት ሰው ብቻ ባለበት ባንድ ውስጥ አንዱ ሲቅበዘበዝ ሌላው መሬቱን መያዝ አለበት። በኤክስፒሪየንስ ውስጥ ሦስቱም ወደ ፊት ይሮጣሉ፤ ጉልበቱም ድካሙም ከዚያ ይመጣል። በባንድ ኦቭ ጂፕሲስ ውስጥ ማይልስና ኮክስ ሁለቱም መሬት ናቸው፤ ጊታሩ ብቻውን ይበርራል። በመጨረሻው ባንድ ግን ኮክስ ያንኑ አጭር ሐረግ ሳይሰለች እየደጋገመ ምሰሶ ሆኖ ይቆማል፤ ሚቸል በድራሙ ላይ እንደ ጃዝ ሰው ይናገራል፤ ሄንድሪክስም ይመልስለታል። «ማሺን ገን»ን በኒውዮርክ ከማይልስ ጋር፣ በበርክሌይ ከሚቸል ጋር የተጫወተበትን አከታትላችሁ ብትሰሙ ልዩነቱን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ዘፈኑ አንድ ነው፤ ጭውውቱ ግን ሌላ ነው።

ይህ ባንድ ሁልጊዜ መልካም ተጫወተ አንልም። በዋይት ደሴት የጥበቃ ሠራተኞች ራዲዮ ከድምፅ ማጉያው ጋር ተደባልቆ ያስቸግር ነበር፤ የፌማርኑም ቀን በዝናብና በነፋስ የታወከ ነበር። ባንድን በመጥፎ ሌሊቱ ብቻ መፍረድ ግን ተማሪን በታመመበት ቀን ፈትኖ እንደ መጣል ነው። «ፍሪደም»ና «ኢን ፍሮም ዘ ስቶርም» የተባሉትን በስቱዲዮ የሠሯቸውን የሰማ ሰው ሦስቱ ወዴት ይሄዱ እንደ ነበር ይገባዋል።

«ዋናው ጊታሩ ነው፤ ከኋላው ማንም ቢቆም ምን ይለውጣል?» የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። ለዚህ ሰው የ1975 ዓ.ም.ን ነገር እናስታውሰዋለን። በዚያ ዓመት አለን ዳግላስ የተባለው አሳታሚ «ክራሽ ላንዲንግ» የተባለውን ሸክላ ሲያወጣ፣ ከሄንድሪክስ ጋር ከተጫወቱት የብዙዎቹን ድምፅ ከክሩ ላይ አንሥቶ፣ ከሄንድሪክስ ጋር ተጫውተው የማያውቁ ቅጥረኛ ሙዚቀኞች እንዲጫወቱበት አደረገ። በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ላይም የራሱን ስም ከደራሲው ስም አጠገብ ጻፈ። ሸክላው ተሸጠ፤ በአሜሪካ እስከ 5ኛ ደረጃ ወጣ። እንግዲህ «ማንም ቢቆም» የሚለው አሳብ ወደ ተግባር ሲለወጥ ይህን ይመስላል። ከሟቹ ጋር ጭውውት የያዙት ወዳጆቹ ይወጣሉ፤ ሟቹም ለማያውቃቸው ሰዎች እንዲመልስ ይደረጋል።

«ሚቸልም እኮ ከሞቱ በኋላ በ‹ኤንጀል› ላይ የድራሙን ክፍል እንደ ገና ተጫውቷል» ብሎ የሚመልስ ቢኖር እውነት ነው። ነገር ግን ሚቸል የለወጠው የራሱን ቃል ነው። ሰው ጀምሮት የነበረውን ዐረፍተ ነገር ራሱ ቢያቃና የሚነቅፈው የለም፤ የሌላውን አፍ ዘግቶ በቦታው መናገር ግን ሌላ ነገር ነው። የሄንድሪክስ አባት በ1995 ዓ.ም. የልጃቸውን ሥራ ባለመብትነት ካስመለሱ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ዘፈኖች ከእርሱ ጋር የሠሯቸው ሰዎች ድምፅ ሳይነካ በአንድነት ወጡ። ይህም የሚገባ ነበር።

የስሙ ክርክር የገንዘብም ክርክር ነው። ሬዲንግ በ2003፣ ሚቸል በ2008 ዓ.ም. ሞቱ። ወራሾቻቸውም በ2022 ዓ.ም. የኤክስፒሪየንስ ሸክላዎች ድርሻ ይገባናል ብለው በእንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት በሶኒ ኩባንያ ላይ ክስ አቀረቡ። ፍርዱን ለፍርድ ቤቱ እንተው። አንድ ነገር ግን ልብ እንበል፤ አጃቢ ተብሎ ስሙ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ሰው፣ የድካሙ ዋጋም በትንሽ ቁጥር ይጻፍለታል።

በቋንቋችን አጃቢ ማለት ለጌታ ክብር ከኋላ የሚሄድ ማለት ነው። ለእንደዚህ ያለው ባንድ ግን ቃሉ ይጠብበታል። ኮክስ ያን ሐረግ ካልደገመ ጊታሩ የሚነሣበት መሬት የለም፤ ሚቸል ካልጠየቀ የሚመለስ መልስ የለም።

ስለዚህ ለውይይቱ የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። የመጨረሻው ባንድ ነጋዴዎች በለጠፉት ስም አይጠራ፤ ሦስቱ ራሳቸው ስላልሰየሙትም እኛ ሌላ ስም አንፍጠርለት። በሠሩት ሰዎች ስም ይጠራ፤ ሄንድሪክስ፣ ኮክስ፣ ሚቸል ይባል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላልና፣ ከሦስቱ የአንዱን ስም ብቻ አውጥተን የሌሎቹን ከመቃብር በታች መተው ፍትሕ አይመስለንም።

የሚቃወመን ካለ መድረኩ ክፍት ነው። ሸክላዎቹም እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ተከራካሪው ከመናገሩ በፊት አስቀድሞ እንዲሰማ በትሕትና እንጠይቃለን።