የረጋው ፏፏቴና የፒያሳ ፎቶዎቻችን

(በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ፣ ፒያሳ ከተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ፣ «ስለ ሕክምና ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ስንሰማ ነው የከረምነው፤ አንቺ ስለ በረዶ ፎቶሽ ንገሪን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ግን ከበረዶው ተነሥቼ ወደዚሁ ወደ ፒያሳ እንደምመለስ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

የምሠራው በአሜሪካ ሚኒሶታ ነው። ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ ሚኔሃሃ የሚባል ፏፏቴ አለ። ቁመቱ 16 ሜትር ገደማ ነው፤ ጢስ ዓባይን ላየ ሰው እንግዲህ ይህም ፏፏቴ ተባለ ያሰኛል። ነገር ግን እኛ በጋ በምንለው ወራት፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ይህ ፏፏቴ ይረጋል። ቅቤ ረጋ እንደምንለው፣ ውሃው ባለበት ይረጋል።

አረጋጉ የሚገርም ነው። ሐይቅ ከላይ ጀምሮ ነው በረዶ የሚሠራው። የፏፏቴው ውሃ ግን እየተወረወረ ስለሚወርድ ቶሎ አይያዝም። መጀመሪያ የሚይዘው ወደ ጎን የሚረጨው ፍንጣቂ ነው። ፍንጣቂው የቀዘቀዘ ዐለት ላይ ያርፍና ይደርቃል፤ በላዩ ሌላ፣ በዚያ ላይ ሌላ። እንደ ሻማ ጠብታ እየተደራረበ በሳምንታት ውስጥ ትልቅ ዓምድ ይሆናል። ከውስጥ ግን ውሃው መፍሰሱን አይተውም፤ ዝም ብላችሁ ብታዳምጡ ይሰማል። አየር የያዘው በረዶ ነጭ ነው። ጥቅጥቅ ያለው ደግሞ ቀዩን ብርሃን ስለሚውጠው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

ፎቶ ማንሳቱ የራሱ ጣጣ አለው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ነጭ በረዶ ሲያይ «ብርሃኑ በዛ» ይልና ያጨልመዋል፤ ፎቶው አመድ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ ብርሃኑን በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በጥምቀት ፎቶዎቻችን ላይ ነጠላው ደብዝዞ ፊታችን የሚጠቁረው እኮ በዚሁ ምክንያት ነው! ባትሪም በብርድ አቅሙ ስለሚደክም መለዋወጫውን ደረት ኪስ ውስጥ ሰውነት ላይ አድርጎ ማሞቅ ነው። ቤት ሲገባ ደግሞ ካሜራው እንዳያልበው በላስቲክ ቋጥሮ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ መተው።

ሐኪም ነኝና ይህችን ልጨምር። ጣት ነጥቶ ከደነዘዘ ፎቶው በቃ ማለት ነው። ማሸት የለም፣ እሳት ላይ መያዝም የለም፤ ሞቅ ያለ ቤት ገብቶ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሞቀ ውሃ መንከር ነው።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ቀን የሚለመድ ነገር ነው። የከበደኝና የጠቀመኝ ሌላ ልማድ ነው፤ እሱንም ያመጣሁት ከዋርድ ነው። ቁስል ፎቶ ስናነሳ ጎኑ ማስመሪያ እናስቀምጣለን፣ ቀኑን እንጽፋለን፣ በሚቀጥለው ጊዜም ከዚያው አቅጣጫ እናነሳለን። አለዚያ ቁስሉ ዳነ ወይስ ባሰበት ብሎ ማነጻጸር አይቻልም። ፏፏቴውንም እንደዚሁ አነሳዋለሁ፦ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ መጠኑን የሚያሳይ ሰው አቁሜ፣ ቀኑንና የብርዱን መጠን ጽፌ። የተለያየ ዓመት ፎቶዎችን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ በረዶው የወፈረበትም የሳሳበትም ዓመት ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዱ ፎቶ ብቻውን ውብ ነው፤ ሲደረደሩ ግን ማስረጃ ይሆናሉ።

ስለዚሁ ፏፏቴ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ አሌክሳንደር ሄስለር የተባለ ፎቶ አንሺ ሚኔሃሃን በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ አነሳው። ከምስሉ አንዱ በሰው እጅ ዞሮ ዞሮ ባለቅኔው ሎንግፌሎ ዘንድ ደረሰ። ሎንግፌሎ ፏፏቴውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1855 ባሳተመው «የሃያዋታ መዝሙር» ውስጥ ለአንዲት ሴት የፏፏቴውን ስም ሰጣት፤ ሚኔሃሃም በዓለም ታወቀ። አንድ ሰሌዳ፣ ቦታውን ላላየ ሰው ቦታውን አደረሰለት።

አሁን ወደ ፒያሳ። በረዶ ቢቀልጥ ችግር የለውም፤ የዘንድሮው ቢያመልጠኝ የከርሞው ይመጣል። ዶሮ ማነቂያ ግን በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ለከርሞ ተመልሶ አይረጋም። ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርደን ሽቅብ የምንወጣበትን መንገድ የዛሬ ተማሪዎች ሲያዩት ሌላ ከተማ ነው የሚያዩት። ፎቶ ቤት አይሆንም፤ ከሰፈሩ ለተነሣ ሰው ጎረቤቱን አይመልስለትም። ግን «እዚህ ምን ነበር?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ከእኛ ትዝታ የተሻለ መልስ አለው። ትዝታማ ከእኛ ጋር ያረጃል።

አራዳ ፎቶ አንሺ አጥታ አታውቅም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሥራውን ወርሰዋል። የነገሥታቱ ፎቶ ስምና ማዕረጉ ተጽፎበት ተቀምጧል። የሠራተኛ ሰፈር የእጅ ባለሙያ፣ የዶሮ ማነቂያ ምግብ ቤት፣ የፓስቲ መጥበሻው ደጃፍስ? እነሱ ያሉት በእኛ አልበም ነው፤ እሱም ሳናስብበት ከጀርባችን ገብተው።

ብዙዎቻችን ደግሞ ለምረቃ ፎቶ ቤት ገብተን፣ ጋውናችንን አስተካክለን፣ ከተሳለ ፏፏቴ ፊት ቆመን ተነሥተናል። ሳቁ እንጂ፣ እኔም አለኝ! ከጨርቁ ጀርባ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ እውነተኛዋ ፒያሳ ነበረች። የፎቶ ቤቱን ገንዘብ መክፈል ያቃተን ቀን ደጅ ላይ በጓደኛ ካሜራ የተነሣነው ፎቶ ዛሬ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ አለው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ስትገቡ አልበሙን አውጡና ፊታችሁን ሳይሆን ከኋላችሁ ያለውን እዩ፤ ታፔላውን፣ በረንዳውን፣ የእንጨት ደረጃውን። በጀርባው ላይ በእርሳስ ዓመተ ምሕረቱን፣ ሰፈሩን፣ ከየት ወደየት ስታዩ እንደተነሣ፣ ማን ማን እንዳለበት ጻፉ። የማታውቁትን ሥፍራ ለክፍል ጓደኛ ደውሉ፤ አንዱ ያስታውሳል። ከዚያ ቅጂውን ለማኅበሩ ስጡ። በየምረቃ ዓመቱ ተሰብስቦ፣ ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ላለው ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የፎቶ ክምችት ቅጂ እንድናቀርብ ሐሳቤ ነው። መምህሮቻችን፣ ተማሪዎቻችሁን ዛሬ የቆመውን እንዲያነሱ ብትልኩልን ደግሞ ሥራው ሙሉ ይሆናል። የየጥር ወሩ ፏፏቴዬ የሚጠይቀኝን ያህል ብቻ ነው የሚፈለገው፤ ከአንድ ቦታ፣ ሰው አቁሞ፣ ቀን ጽፎ።

የጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት እንደነካው ታስታውሳላችሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጠጋኙ ባለሙያ «እንዴት ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ የሚታመነው ምስክር ቀን የተጻፈበት ፎቶ ነው። የኔን ሁለት ፎቶዎች ዛሬ ለጸሐፊው አስረክቤአለሁ። ቀጣዩ ማን ነው?