ለእናቶቻችን አንድ ክፍል፣ አንድ ቀን፣ አንድ መዝገብ
(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይውረድ። 

የዛሬው ንግግራችን ወደ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ወደ ወረኢሉ ይወስደናል። ወረኢሉ በታሪክ ስሟ የሚነሳው በ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ዘመቻ ሲታወጅ ዘማቹ እንዲከት የተቀጠረባት ቦታ በመሆኗ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነሳው ሌላ መሰባሰብ ነው። እናቶቻችንና እህቶቻችን የት ይሰባሰባሉ? ሲቸገሩስ ማን ዘንድ ይሄዳሉ?

ወሎን የሚያውቅ ሰው መልሱን ያውቃል። ቅሬ አለ። ሰው ሲሞት እንጀራ የሚጋግሩት፣ ውኃ የሚቀዱት፣ ሐዘንተኛዋን የሚያጽናኑት ሴቶች ናቸው። ወዳጃ አለ፤ ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ። ቡናም አለ፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ የታመመው ይጠየቃል፣ የተጣላው ይታረቃል። እንግዲህ መረዳዳቱ አዲስ ነገር አይደለም። የጎደለው ምንድን ነው ቢባል፣ እናቶች በታወቀ ቀን የሚመጡበት በር፣ የሚያዳምጣቸው ዐዋቂና የተናገሩት የሚጻፍበት መዝገብ ነው።

የአንዲት እህታችንን ጉዳይ እናንሳ። ስሟን አንጠራም። ከወረኢሉ ገጠር ተነስታ ወደ ዓረብ አገር ሄደች። ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ደመወዟን ለወንድሟ ላከች። ስትመለስ የጠበቃት ቤትም ሆነ በስሟ የተቀመጠ ገንዘብ አልነበረም። ወንድሟ ክፉ ሰው አልነበረም። ለእናታቸው መታከሚያ ከፍሏል፣ በሬ ገዝቷል፣ ታናሽ እህታቸውን ድሯል። እርሷ “የላክሁት አደራ ነው” አለች፤ እርሱ “ለቤተሰቡ የላክሽው ነው” አለ። ወረቀት የለም፤ ምስክር የለም። ወንዶች ተሰብስበው በሚመክሩበት መሐል ገብታ መናገር አፈረች። ፍርድ ቤት መሄድም ወንድምን መክሰስ ሆነባት። ሁለት ዓመት ዝም አለች። በመጨረሻ አባጋሮች ተቀምጠው ጉዳዩ ታየ፤ የተመለሰላት ግን ከፊሉ ብቻ ነው። እኛን ያሳዘነን ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ ሁለቱ የዝምታ ዓመታት ናቸው። በእነዚያ ዓመታት እህትና ወንድም በአንድ ግቢ እየኖሩ ሰላምታ አይለዋወጡም ነበር።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሴት ልጅ የምትናገርበት ቦታ አጥታ አታውቅም። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ (ረ.ዐ.) የባሏን በደል ይዛ ወደ ነቢዩ በመጣች ጊዜ አላህ አቤቱታዋን ሰምቶ የሙጃደላህን ምዕራፍ መጀመሪያ አወረደ። ቡኻሪ እንደዘገቡት ሴቶች፣ ወንዶች እንደቀደሟቸው ገልጸው የራሳቸው ቀን እንዲደረግላቸው ነቢዩን ሲጠይቁ ቀን ተቀጠረላቸው፤ በዚያም ቀን አስተማሯቸው። ሺፋእ ቢንት ዐብደላህ (ረ.ዐ.) የነቢዩን ባለቤት ሐፍሷን (ረ.ዐ.) ጽሕፈት አስተምራለች። በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰለው ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ.) በመስጅዱ ግቢ ድንኳን ውስጥ ሲታከም፣ ስታክመው የነበረችው ሩፈይዳ እንደሆነች ተዘግቧል። እንግዲህ የመዲናው መስጅድ መስገጃ ብቻ አልነበረም። ትምህርት ቤትም፣ የአቤቱታ በርም፣ መታከሚያም ነበር። ከዚያም በኋላ በፌስ ከተማ በ859 እ.ኤ.አ. የቀረዊይን መስጅድን ከወረሰችው ሀብት ያሠራች ፋጢማ አል-ፊህሪ የተባለች ሴት እንደሆነች ታሪክ ያወሳል።

እንዲህ ያለው ቤት በወረኢሉ ቢኖር ምን ይሠራል? አራት ነገር እንጥቀስ።

አንደኛ፣ ትምህርት። ቁርኣን መቅራት፣ የጦሃራና የሰላት ሕግጋት፣ ከዚያም ፊደል። ስሟን መጻፍ የቻለች እናት የምትፈርምበትን ወረቀት ታውቃለች። እናቶች ሲማሩ ሕፃናቱ በአጠገባቸው አሊፍ ባ ይቆጥራሉ።

ሁለተኛ፣ የኒካሕና የውርስ ምክር። መህር የሚስት ሐቅ ነው፤ የአባትም የወንድምም አይደለም። ባል ሳይከፍለው ቢሞት ዕዳ ነው፤ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ይከፈላል። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ ነው። ሟች ልጅ ካለው ከስምንት አንድ፣ ልጅ ከሌለው ከአራት አንድ ትወርሳለች። ይህን የአላህ ድርሻ “ባህላችን አይደለም” ብሎ የሚከለክል ሰው በየቲምና በሴት ሐቅ እየተጫወተ ነው። በአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 መሠረት የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ሁለቱም ወገኖች ሲፈቅዱ ነው። ስለዚህ እህታችን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ስትሄድም ሆነ ወደ መደበኛው ስትሄድ ዐውቃ መሆን አለበት። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ባልና ሚስት ላይ በጋራ ይመዘገባል። ደብተሩ ላይ ስሟ መኖሩን አይታ ታውቃለች? ይህን የሚያነብላት ሰው ያስፈልጋታል። ልጇንም ከ18 ዓመት በፊት ከመዳር ሕጉ እንደሚከለክላት የሚነግራት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ከመሄድ በፊትና ከመመለስ በኋላ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሰነድ የሌላቸውን ስታስወጣ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ተመልሰዋል። የወሎ ልጆችም በዚያ ውስጥ ብዙ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ወጪን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ይህን ያላወቀች ልጅ ግን አባቷ በሬ ሸጦ ለደላላ ይከፍልላታል። ከመሄዷ በፊት ውሏን የሚያነብላት፣ በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ እንድትከፍት የሚመክራት፣ ለቤተሰብ የምትልከው ስጦታ ይሁን አደራ በጽሑፍ እንዲቀመጥ የሚያደርግላት ቢኖር፣ ያነሳነው የእህትና የወንድም ጠብ አይደርስም ነበር። አላህም በበቀራ ምዕራፍ ዕዳን እንድንጽፍ አዞናል። መጻፍ ጥርጣሬ አይደለም፤ ዝምድናን መጠበቅ ነው። የምትመለሰው ደግሞ አእምሮዋም ሰውነቷም ደክሞ ሊሆን ይችላል። “ምን ይዘሽ መጣሽ?” ከማለት በፊት “እንኳን በሰላም መጣሽ” የሚላት ቤት ይኑር።

አራተኛ፣ የተጎዱትን መደገፍ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ ባሏን፣ ልጇን፣ ከብቷን ያጣች እናት ብዙ ናት። ሱፍ ፈትላ፣ ዶሮ አርብታ ልጆቿን ልታሳድግ የምትሻን እናት፣ ጥቂት ገንዘብ ያለ ወለድ በቀርድ ሐሰን ቢሰጣት ትቆማለች።

አንዳንድ ወንድሞች “ሴቶች ቤታቸው ይበቃቸዋል” ይላሉ። እነዚህ ወንድሞች ሚስቶቻቸው ውኃ ሊቀዱ፣ ገበያ ሊሸጡ፣ ለቅሬ ሊጋግሩ ሲወጡ አይቃወሙም። ለሥራ የወጣችው ለዲኗ ስትወጣ ለምን ይከብደናል? ሐያእንና ሥርዓትን የጠበቀ፣ የራሱ በር ያለው፣ በታመኑ ሴቶች የሚመራ ቤት ሐያእን ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም። የሴቶች ጉዳይ በሴት ጆሮ ይሰማል፤ ፈትዋ ሲያስፈልግ ወደ ዑለማ ይሄዳል።

“ገንዘቡስ?” የሚሉም አሉ። ዘካ ድርሻው በቁርኣን የታወቀ ነው፤ አብዛኞቹ ዑለማ ለግንባታ አይውልም ብለዋል። ድሃዋንና ባለ ዕዳዋን ግን ይመለከታታል። ለቤቱ ደግሞ ሰደቃና ወቅፍ አለ። በውጭ ያሉ ወንድሞቻችን በዋሽንግተን ፈርስት ሂጅራን የመሰለ ማዕከል ማቆም ከቻሉ፣ እኛ በአገራችን አንድ ክፍል ማቆም አያቅተንም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1207 ለእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ሕጋዊ ሰውነት ስለሰጠ፣ በመጅሊሱ ጥላ ሥር መሥራት ይቻላል።

አድማጮቻችን፣ ትልቅ ሕንፃ እስኪቆም አንጠብቅ። በመስጅዱ ግቢ አንድ ክፍል እንጥረግ። ከሳምንቱ አንድ ቀን እንቅጠር። አንድ መዝገብ እንግዛ። ማንበብ የምትችል አንዲት እህት ትቀመጥ። ቅሬው ድስቱንና ድንኳኑን እንዳዋጣ ሁሉ፣ ለመዝገቡም ያዋጣ። ቀብር ላይ ሳንጠራራ የምንደርስ ሰዎች፣ በሕይወት ላለችው እንዴት እንዘገያለን?

አላህ የእናቶቻችንን ዱዓ ይቀበል። የተራራቁትን እህትና ወንድም ያስታርቅ። በሰው አገር ያሉትን ልጆቻችንን በሰላም ይመልስ። የሰማነውን የምንሠራበት ያድርገን፤ አሚን።