የኪስ ሰንጢ አመራረጥና አያያዝ
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

በዚህ መድረክ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ብድርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ተብሏል፤ ገናም ይባላል። እኔ የተሰጠኝን አጭር ጊዜ የምጠቀምበት ግን ብዙዎቻችን በየዕለቱ በኪሳችን ስለምንይዛት አንዲት ትንሽ መሣሪያ ለመናገር ነው። እርሷም ተጣጣፊዋ ቢላዋ፣ በተለምዶ ሰንጢ የምንላት ናት።

"ሰንጢ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልጋታል?" የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን እስቲ የአንድ ቀን ሥራችንን እናስብ። ጠዋት የከብት ገመድ እንቆርጣለን። ረፋድ ላይ የጆንያ ስፌት እንፈታለን። ከዚያ ወደ ጓሮ ገብተን የእንሰት ወይም የሙዝ ቅጠል እንቆርጣለን፤ የቡና ቅርንጫፍ እንገርዛለን፤ አቮካዶ የሚያዳቅል ደግሞ ቀንበጥ ያዘጋጃል። ማታ እዚያችው ሰንጢ ሸንኮራ ትልጣለች። አንዲት ስለት ይህን ሁሉ ስትዞር ትውላለች። የዛሬው ንግግሬ ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። ሰንጢ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄድ ብቻዋን አትሄድም፤ በሽታም ይዛ ልትሄድ ትችላለች።

እንደሚታወቀው በአካባቢያችን የእንሰት አጠውልግ በሽታ ትልቅ ጠላታችን ነው። የበሽታውን ባክቴሪያ ለይተው በ1968 (እ.ኤ.አ.) ጥናት ያሳተሙት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ እነዚሁ ባለሙያዎች በ1974 (እ.ኤ.አ.) ይኸው በሽታ ሙዝንም እንደሚያጠቃ ጽፈዋል። በሽታው ለረጅም ጊዜ በአገራችን ተወስኖ ከቆየ በኋላ በ2001 (እ.ኤ.አ.) በኡጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ላይ ታይቶ ወደ ሌሎች የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ተዛምቷል። አንድ ተክል ከታመመ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም። በሽታው ከሚተላለፍባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱም የታመመ ተክል የተቆረጠበት ያልጸዳ ስለት ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ ተክል ስለሆነ፣ አንድ ጓሮ እንሰት የጠፋበት ቤተሰብ የጠፋበት የዓመታት ስንቅ ነው።

በመሆኑም ሰንጢ ስንገዛ ብዙ ጊዜ የምንጠይቃቸው ሁለት ጥያቄዎች፣ ማለትም "ዋጋው ስንት ነው?" እና "ይቆርጣል ወይ?" የሚሉት፣ ብቻቸውን በቂ አይደሉም። ሦስተኛ ጥያቄ መጨመር ይኖርብናል፤ "ይጸዳል ወይ?" የሚል። ርካሽ ናት ተብላ የተገዛች፣ ነገር ግን በማጠፊያዋ ውስጥ የተክል ፈሳሽ አጭቃ የምትዞር ሰንጢ ነገሩን "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ታደርገዋለች።

አሁን ወደ አመራረጡ ልግባ። ገበያ ላይ ቆመን፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ በእጃችንና በዓይናችን ልናደርጋቸው የምንችላቸው ምርመራዎች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ማጠፊያውን መመርመር ነው። ሰንጢውን ከፍተን ስለቱን በጣታችን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እናነቃንቀው። በአዲስነቱ የሚወዛወዝ ከሆነ ሥራ ላይ ሲውል ይብስበታል። ከዚያም እንጠፈውና ጫፉ ሙሉ በሙሉ እጀታው ውስጥ መግባቱን እንይ። ጫፉ ወጣ ያለ ሰንጢ ኪስ ይቀዳል፤ ጭንም ይወጋል።

ሁለተኛ፣ መቆለፊያውን መመርመር ነው። አንዳንዱ ሰንጢ ተከፍቶ የሚቆመው በጀርባው ባለ ሞላ ብቻ ነው፤ ሌላው ደግሞ እውነተኛ መቆለፊያ አለው። ለገመድና ለቅርንጫፍ የሚቆለፈው ይመረጣል፤ ምክንያቱም ስንገፋ በድንገት ቢታጠፍ የሚያርፈው በራሳችን ጣት ላይ ነው። ስንፈትነው ጣታችንን ከስለቱ መንገድ አርቀን፣ የስለቱን ጀርባ በእንጨት ላይ ቀስ አድርገን እንጫነው። ከታጠፈ እንተወው።

ሦስተኛ፣ የስለቱ ርዝመት ነው። ለዕለት ተዕለት ሥራ የአራት ጣት ስፋት የሚያህል፣ ማለትም ከ7 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስለት ይበቃል። ከዚያ የረዘመው በኪስ ለመያዝ አይመችም፤ በየፍተሻው ቦታም ጥያቄ ያስነሳል። በነገራችን ላይ ወደ ስብሰባ፣ ወደ ለቅሶና ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ስንሄድ ሰንጢውን ቤት ማስቀመጥ መልካም ልማድ ነው።

አራተኛ፣ ብረቱ ነው። በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ብረት አለ። ተራው የካርቦን ብረት በቀላሉ ይሳላል፤ ስለቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ይዝጋል። "የማይዝግ" የሚባለው ዝገትን ይቋቋማል እንጂ ፈጽሞ አይዝግም ማለት አይደለም፤ ስለቱ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ብቻውንም ማስረጃ አይሆንም። አንዳንድ ሰው በማግኔት ይፈትናል። ይህ አያዋጣም፤ ጥሩ ስለት የሚሠራበት የማይዝግ ብረትም በማግኔት ይሳባልና። ለእኛ ሥራ ሁለቱም ያገለግላሉ። በየቀኑ ጠርጎ ለማድረቅ የሚተጋ የካርቦኑን ይያዝ፤ የሚረሳ ደግሞ የማይዝገውን ይግዛ።

አምስተኛ፣ እጀታው ነው። ስስ ፕላስቲክ እሳት ሲጠጋው ይቀልጣል። እንጨት ለእጅ ይመቻል፤ ነገር ግን ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ማጠፊያውን ያጠብቃል። ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ እጀታ ለማጽዳት የተሻለ ሲሆን፣ እጅ ሲረጥብ ግን ያንሸራትታል። ስለዚህ እጃችንን አርጥበን ጨብጠን እንሞክረው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ። የእንሰቱን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። ስለሆነም የእጀታው ውፍረት በእነርሱ እጅ መመዘን አለበት።

ስድስተኛና ዋነኛው፣ የእጀታው ሆድ ነው። ሰንጢውን ከፍተን ስለቱ የሚያርፍበትን ስንጥቅ ወደ ብርሃን አቅንተን እንይ። ከዳር እስከ ዳር የሚታይ፣ በቀጭን እንጨት ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ ሊጠረግ የሚችል ከሆነ ጥሩ ነው። መቀስ፣ ቡሽ መንቀያ፣ ጥፍር መቁረጫና መብራት ሁሉ የተሸከመው ሰንጢ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ዕቃ አንድ ተጨማሪ የቆሻሻ መደበቂያ ነው።

ቀላል ነገር ዘላቂ መሆኑን ከሌላ አገር ገበሬዎች ልምድም ማየት ይቻላል። ጆሴፍ ኦፒኔል የተባለ ፈረንሳዊ በ1890 (እ.ኤ.አ.) ሳቭዋ በተባለው ተራራማ አካባቢ የሠራው የኪስ ቢላዋ አንድ ስለትና የእንጨት እጀታ ብቻ ያለው ነበር። በ1955 (እ.ኤ.አ.) ስለቱ በድንገት እንዳይታጠፍ የሚያግድ ተሽከርካሪ የብረት ቀለበት ተጨመረበት። ከዚያ ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ ብዙም ሳይለወጥ እስከ ዛሬ ይመረታል። አንድ ስለት፣ አንድ ማጠፊያ፣ አንድ መቆለፊያ ይበቃል።

የዋጋውን ነገር በተመለከተ ስሌቱን አብረን እንሥራው። ለምሳሌ ያህል አንዱ ሰንጢ 100 ብር ሆኖ ስድስት ወር ቢያገለግል፣ ሌላው 300 ብር ሆኖ አምስት ዓመት ቢያገለግል፣ የመጀመሪያው በዓመት 200 ብር፣ ሁለተኛው በዓመት 60 ብር ያስወጣናል። በአምስት ዓመት አንደኛው 1,000 ብር፣ ሁለተኛው 300 ብር ማለት ነው። የገበያው ዋጋ ይለያያል፤ የስሌቱ መንገድ ግን አይለወጥም። ዋጋን በአገልግሎት ዘመን ማካፈል ነው።

ክቡራትና ክቡራን፣

ጥሩ ሰንጢ መግዛት ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ አያያዙ ነው።

ስለትን በተመለከተ፣ የዶለዶመ ሰንጢ ከተሳለው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ ያንሸራትታል። ስንስል በመሳያ ድንጋዩ ላይ ስለቱን መጀመሪያ ቀጥ አድርገን እናቁመው፤ ይህ 90 ዲግሪ ነው። ግማሽ ስናጋድመው 45፣ እንደገና በግማሽ ስናጋድመው 22 ገደማ ይሆናል። በዚህ አጋደል በሁለቱም በኩል እኩል እንሳል። በኤሌክትሪክ ማሽን ማሳል ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ብረቱ ግሎ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ጥንካሬው ሄዷል፤ ከዚያ በኋላ ስለት አይዝም። አቮካዶና ማንጎ ለሚያዳቅሉ ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ የተሳለ የማዳቀያ ስለት ለብቻው ቢኖራቸው ይመረጣል፤ ቆረጣው ለጥ ያለ ስለሚሆን ቀንበጡ በደንብ ይገጥማል።

ጆንያ ስንከፍት ስፌቱን እንጂ ጆንያውን አንቁረጥ። በተለይ እህልን ከነቀዝ የሚጠብቀው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት የሚሠራው አየር ስለማያስገባ ነው። በሰንጢ ጫፍ የተበሳ አንድ ቀዳዳ ጥቅሙን ያሳጣዋል።

ንጽሕናን በተመለከተ የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንያዝ። ሥራ ስንጀምር ከጤነኛው ተክል እንጀምር፤ የታመመ የሚመስለውን በመጨረሻ እንንካ። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄዳችን በፊት የተክሉን ፈሳሽ በመጀመሪያ በጨርቅ እንጥረግ፤ ቆሻሻ ላይ የተደረገ መድኃኒት በሚገባ አይሠራምና። ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና ከአምስት እጅ ውሃ ጋር በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ ስለቱን እንንከር። ውህዱ ሲውል ሲያድር ኃይሉ ስለሚቀንስ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፤ ከሌላ ኬሚካል ጋር አይቀላቀል፤ ከሕፃናትም ይራቅ። በረኪና ብረት ይበላል፤ ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀን፣ አድርቀን፣ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት እናድርግበት። ሸንኮራና ፍራፍሬ ከመላጣችን በፊትም ዘይቱን እንጥረገው። በረኪና ከሌለ ስለቱን በነበልባል ላይ እያገላበጡ በደንብ ማጋል ይቻላል፤ ፍም እስኪመስል ግን አይሁን፤ ብረቱ ይለሰልሳል።

በግልጽ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። የትኛውም ተጣጣፊ ሰንጢ የማይታጠፍ ቢላዋን ያህል አይጸዳም። ስለዚህ አጠውልግ የታየበት ጓሮ ያለው ቤተሰብ ለዚያ ጓሮ ብቻ የሚውል፣ ከጓሮው የማይወጣ ተራ ቢላዋ ይመድብ። የአካባቢያችን ብረት ቀጥቃጭ ባለሙያዎች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ቢላዋ ለዚህ ይበቃል። ሰንጢዋ ለገመድ፣ ለጆንያና ለጤነኛው ተክል ትሁን። ጎረቤት ቢላዋ ቢዋስም ሲሰጥም ሲመለስም ይጽዳ።

በመጨረሻ ለዩኒየናችን አመራር ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ አባላት በተናጠል ከሚገዙ ይልቅ መሠረታዊ ማኅበራት ፍላጎታቸውን አሰባስበው በዩኒየኑ በኩል በጅምላ ቢገዛ፣ ከመግዛቱ በፊትም ናሙና መጥቶ ለተወሰኑ ሳምንታት በአርሶ አደሩ እጅ ቢፈተን። ሁለተኛው፣ በግዥ ኮሚቴው ውስጥ እንሰት የሚሠሩ ሴት አባላት እንዲገኙና የመጨረሻ ቃላቸው እንዲሰማ። ሦስተኛው፣ ማጠፊያ ሲላላ ሚስማሩን የሚያጠብቁ፣ የጓሮ ቢላዋም የሚሠሩ የአካባቢ ባለሙያዎች ከዩኒየኑ ጋር በውል እንዲሠሩ። ገንዘቡም እዚሁ ይቀራል።

የወረዳችን አመራር አካላትም የአጠውልግ ዘመቻ ሲታቀድ ከሚነቀለው ተክል ጎን የሚጸዳውን ስለት በዕቅዱ ውስጥ እንዲያስገቡልን በትሕትና እጠይቃለሁ። የታመመውን ነቅለን በዚያው ባልጸዳ ቢላዋ ወደ ቀጣዩ ጓሮ ከሄድን፣ ዘመቻው በሽታውን ይዞ እየዞረ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ከዚህ ስንወጣ እያንዳንዳችን ቤት ደርሰን ሰንጢያችንን እንክፈትና ሆዷን እንመልከት። ያለው ጥቁር ቆሻሻ የስንት ጓሮ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ዛሬውኑ እንጠበው።