አንካሳው ቡችላ እና ያልጠየቅኋቸው አራት ጥያቄዎች



በዚህ አዳራሽ ስለ ከብትና ስለ ግመል፣ ስለ ወተትና ስለ ቆዳ ብዙ ተነግሯል። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ አንድ ቡችላ ነው። ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። እኔም ቀላል መስሎ ታይቶኝ ስለነበር ነው አባቴን ለአደጋ ያጋለጥሁት። ስህተቱን የፈጸምሁት ገና ተማሪ ሳለሁ ሳይሆን፣ የበሽታ ምርመራን ለዓመታት ሳስተምር ከቆየሁ በኋላ መሆኑን አስቀድሜ ልናዘዝ።

የተወለድሁት በድሬዳዋ፣ መልካ ጀብዱ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። በድሬዳዋ ታላቅም ታናሽም «አንተ» መባባሉ የታወቀ ነውና እኔም ቤት ውስጥ «አንተ» እላቸዋለሁ። በዚህ መድረክ ግን ወጉ ስለማይፈቅድልኝ «እሳቸው» ማለቴን ቤተሰቤ ይቅር ይበለኝ። አባቴ ጥቂት ፍየሎች አሏቸው። ሌሊት ጅብ ሲያስቸግራቸው አንድ ወዳጃቸው የጀርመን ሸፐርድ ደም ያለበት ቡችላ ሰጧቸው፤ ስሙንም ቡቺ አሉት።

ቡቺ ሰባት ወር ሲሞላው አባቴ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ውሻው ያነክሳል። ትናንት የፊት ግራውን ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የኋላውን ነው። ጉልበቱን ስነካው ይሞቃል» አሉኝ። ስብሰባ ልገባ ነበርና «ትልቅ ዝርያ ነው፣ አጥንቱ እያደገ ነው፤ ሲያድግ ይተወዋል» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ንግግራችን ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

ምክሬ መሠረት የሌለው አልነበረም። በፍጥነት የሚያድጉ የትልልቅ ዝርያ ቡችሎች ፓኖስቲያይተስ የሚባል የአጥንት ሕመም ይይዛቸዋል። ሕመሙ ከእግር ወደ እግር እየተዘዋወረ ያስነክሳቸዋል፤ ብዙውን ጊዜም በራሱ ይለቃቸዋል። ነገር ግን ፓኖስቲያይተስ የሚያመው የረጅሙን አጥንት ግንድ ነው እንጂ መገጣጠሚያውን አይደለም። አባቴ «ጉልበቱ ይሞቃል» ብለው ቁልፉን በእጄ አስቀምጠውልኝ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት አስቀድሞ በአእምሮዬ የነበረውን መልስ ብቻ ነው።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ገና ሳይነጋ እኅቴ ደወለች። «ቡቺ መነሣት አቅቶታል። ደም ያስመልሰዋል፤ ለሃጩም ይዝረበረባል። አባባ ትናንት ኪኒን ሲያውጠው ጥርሱ አውራ ጣቱን ጫረው» አለችኝ።

«የምን ኪኒን?» አልሁ።

አባቴ ለራሳቸው ጉልበት ሐኪም ያዘዘላቸውን ባለ 50 ሚሊግራም ዳይክሎፌናክ ለስድስት ቀን ከውሻው ጋር ተካፍለው ኖሯል። «የእኔም ጉልበት፣ የእሱም ጉልበት፤ እኔን ያሻለኝ እሱን ለምን አያሽለው?» ብለው አስበው ነው። በርኅራኄ የተሰጠ መርዝ ነበር። ጥፋቱ ግን የእሳቸው አይደለም፤ እሳቸው ባለሙያ ጠይቀዋል፤ ባለሙያው ነው መልሶ ያልጠየቀው።

ሊቀድሙ ይገባ የነበሩትን አራት ጥያቄዎች በየተራ ላንሣ።

የመጀመሪያው «ምን ይበላል?» የሚለው ነው። ቡቺ ይመገብ የነበረው እንደ ብዙዎቹ የከተማችን ውሾች የእንጀራ ፍርፋሪና ከሥጋ ቤት የሚመጣ ሳንባ ነው። አጥንት የሌለበት ሥጋና የሆድ ዕቃ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ግን እጅግ ጥቂት ነው። በማደግ ላይ ያለ ቡችላ በዚህ ብቻ ሲኖር ሰውነቱ የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት መበደር ይጀምራል። አጥንቱ ይሳሳል፤ ቡችላው ያነክሳል፤ በቀላል ዝላይም ሊሰበር ይችላል። «የድሬዳዋ ፀሐይ እያለ ምን ይጎድለዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ሰው በፀሐይ ብርሃን አማካይነት በቆዳው ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ የውሻ ቆዳ ግን ይህን በበቂ መጠን ማድረግ ስለማይችል ቫይታሚኑን ማግኘት ያለበት ከምግቡ ነው። የቡቺ ዋና ችግር ይህ ሆኖ አልተገኘም፤ ቢሆን ኖሮ ግን በአንድ ጥያቄ ይታወቅ ነበር።

ሁለተኛው «ቆዳው ላይ ምን አለ?» የሚለው ነው። በሌሊት አውቶቡስ ደርሼ ጓንት አድርጌ ስመረምረው በጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መካከል መዥገር ሞልቶ አገኘሁ። ድዱ ነጥቷል፤ በሆዱ ቆዳ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ትኩሳት አለው፤ ሁለቱም የኋላ ጉልበቶቹ አብጠዋል። በከተማው በሚገኝ ክሊኒክ የደም ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ስናይ ደምን የሚያረጉት ፕሌትሌቶች በጣም ጥቂት ነበሩ። ኤርሊኪያ የሚባለውን ባክቴርያ በዓይናችን አላየነውም፤ ብዙ ጊዜም አይታይም። የምልክቶቹ ስብስብና በኋላ ለመድኃኒቱ የሰጠው ምላሽ ግን ወደዚያ ያመለክታሉ።

ይህ በሽታ ለሙያችን አዲስ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1935 እ.ኤ.አ. በአልጄሪያ ነው። በቬትናም ጦርነት ዘመን በመቶዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ጦር ውሾችን ጨርሷል፤ ከሁሉ በላይ የተጠቁትም ጀርመን ሸፐርዶች ነበሩ። የሚያስተላልፈው ቡናማው የውሻ መዥገር ሙቀት የሚስማማው፣ ከሰው ቤት ጋር የተላመደ ፍጥረት ነው። በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፤ አንዲት እንስት በሺህ የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። ባክቴርያው ደም ውስጥ ገብቶ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላ ትኩሳት፣ ድካምና መድማት ያስከትላል፤ በአንዳንድ ውሾችም መገጣጠሚያን ያቆጣል። ስለዚህ አንድ ቀን በፊት እግር፣ በማግሥቱ በኋላ እግር የሚያነክስ ቡችላ «እያደገ ነው» ከመባሉ በፊት ጆሮው ተገልጦ ሊታይ ይገባዋል።

ሦስተኛው «በአፉ ምን ገባ?» የሚለው ነው። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው ሕመምን የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር በማገድ ነው። የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውና ለኩላሊት የሚደርሰውን ደም የሚያስተካክለውም ይኸው ንጥረ ነገር ነው። ውሻ ለእነዚህ መድኃኒቶች ከሰው ይልቅ ስስ ነው። ለሰው ቀላል የሆነው መጠን ጨጓራውን ሊያቆስለው፣ ኩላሊቱንም ሊያቆመው ይችላል። ቡቺ ደግሞ ደሙን የሚያረጋለት ፕሌትሌት በበሽታው አልቆበት ነበር። መዥገሩ የደሙን መከላከያ አሳጣው፤ ኪኒኑ ጨጓራውን አቆሰለው፤ ሁለቱ ተጋግዘው ከዚያ አደረሱት። በጣም የሚቆጨኝ፣ ለመዥገሩ በሽታ ፍቱን የሆነው ዶክሲሳይክሊን ዳይክሎፌናኩ በተገዛበት በዚያው ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ መኖሩ ነው። የጎደለው መድኃኒት አልነበረም።

ቡቺ ቢሞት ኖሮ፣ በአካባቢያችን እንደተለመደው ሬሳው ከመንደር ወጥቶ ከደረቅ ወንዝ ዳር ይጣል፣ ጥንብ አንሣም ይወርድበት ነበር። በደቡብ እስያ ጥንብ አንሣዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ በድንገት ማለቅ ያዙ፤ ሦስት ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ ጠፉ። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ምክንያቱ ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ መሆኑን አሳየ። የታከመ ከብት ሞቶ ሥጋውን የበላች ወፍ ኩላሊቷ ተበላሽቶ ትሞታለች። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱን ለእንስሳት ሕክምና ማምረትን አገዱ። ወፎቹ ሲያልቁ ሬሳው ለውሾች ተረፈ፤ ውሾቹ በዙ፤ የእብድ ውሻ በሽታም ሥጋት አብሮ ጨመረ። የኢትዮጵያ ሰማይ ዛሬም የነዚያ ወፎች የቅርብ ዘመዶች ይኖሩበታል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ «እጁን ወደ አፉ የሰደደው ማን ነው?» የሚል ነው። እኅቴ ያን ማለዳ «መነሣት አቅቶታል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ አባባን ጫረው» ስትለኝ የታየኝ መዥገርም ኪኒንም አልነበረም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሁላችንም የምናውቀው የሚናከሰውንና የሚቅበዘበዘውን መልኩን ነው። ሌላው መልኩ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ ሰውነቱ እየሰነፈ ይሄዳል፣ መንጋጋው ይላላል፣ ለሃጩ ይወርዳል። ባለቤቱም አጥንት የተቀረቀረበት መስሎት እጁን ወደ አፉ ይሰድዳል። ቡቺ ክትባት አልተከተበም ነበር፤ እኔም የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ሳለሁ ጠይቄ አላውቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገምታል። ከነዚህም ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በሽታው የሚደርሳቸው ከውሻ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከመታየቱ በፊት ግን ውኃ፣ ሳሙናና ክትባት ብዙውን ጊዜ ይበቃሉ።

እኅቴን «ውሻውን አሁን ተይው። የአባባን ጣት በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አሥራ አምስት ደቂቃ እጠቢ፤ ከዚያ ጤና ተቋም ውሰጂውና ክትባቱን ዛሬውኑ ይጀምር» አልኋት። አባቴ «ለጭረት?» ብለው አጉረመረሙ፤ ሆኖም ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር እስከ ዛሬ ድምፄ ይለወጣል። የነከሰ ውሻ ለአሥር ቀን ተለይቶ ይጠበቃል። በአሥረኛው ቀን በሕይወትና በጤና ካለ፣ በነከሰበት ዕለት በለሃጩ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ከሞተ ግን ጭንቅላቱ ተቆርጦ በበረዶ ታሽጎ አዲስ አበባ፣ ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለምርመራ መላክ አለበት። ስለዚህ ቡቺን ለማዳን ስንታገል የምንታገለው ለቡቺ ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ያደረበት ሌሊት የአባቴ ሌሊትም ነበር። በጓንት፣ በጥንቃቄ፣ ከክሊኒኩ ባልደረቦች ጋር ግሉኮስ ሰጠነው፤ የጨጓራ መድኃኒትና ዶክሲሳይክሊን ጀመርንለት። ኪኒኑ ያን ማለዳውኑ ቆመ። በሦስተኛው ቀን ውኃ ጠጣ። በአምስተኛው ቀን በአራት እግሩ ቆመ። በአሥረኛው ቀን አጥሩን ታክኮ ወደ ፍየሎቹ ሄደ። አባቴ «ዳነ» አሉ፤ እኔም «ዳንህ» አልኋቸው።

ዶክሲሳይክሊኑን አራት ሳምንት ወሰደ። የግድግዳውን ስንጥቅ በሲሚንቶ ደፈንን፤ ማደሪያውንም ለመዥገር መድኃኒት አስረጨን። ካገገመ በኋላ ክትባቱን ተከተበ። የኋላ ግራ ጉልበቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ አሁንም ያነክሳል። ለዚህ መፍትሔው በአብዛኛው ተራ ነገር ነው፤ ከሲሚንቶ ወለል ይልቅ ደረቅ ጭድ ላይ ማደር፣ ሳይሮጡ በየቀኑ መራመድ፣ ከሁሉም በላይ አለመወፈር። በ48 የላብራዶር ቡችሎች ላይ ዕድሜ ልካቸውን በተደረገ ጥናት፣ ከአቻዎቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ የተሰጣቸው የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመማቸው የቀነሰና የዘገየ ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ገደማም ተጨማሪ ኖረዋል። ማስታገሻ ካስፈለገው ለውሻ የተፈቀደ መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይሰጠዋል።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ በየወረዳው ስትሠሩ ስልካችሁ ይጮኻል። የሚደውለው ሰው ቸኩሏል፤ እናንተም ትቸኩላላችሁ። መልሱ በአፋችሁ ላይ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ይሆናል። አራቱ ጥያቄዎች ከሦስት ደቂቃ በላይ አይፈጁም፤ ምን ይበላል? ቆዳው ላይ ምን አለ? በአፉ ምን ገባ? አፉን የነካው ማን ነው፤ ውሻውስ ተከትቧል? ደዋዩ ሳይነግራችሁ የሚቀረው ስለሚደብቅ አይደለም፤ አስፈላጊ መሆኑን ስለማያውቅ ነው። ማወቁ የእኛ ሥራ ነው።

አባቴ በምድር ባቡር ዘመናቸው የባቡሩን መምጫና መሄጃ ሰዓት በደብተር ይመዘግቡ ነበር። አሁን ስለ ቡቺ የሚጽፉበት ደብተር አላቸው። ባለፈው ሰኞ ደውለው እንዲህ ሲሉ አነበቡልኝ፦ «ጠዋት፣ የኋላ ግራ። መዥገር የለም። ከፍርፋሪው ጋር እንቁላል በልቷል። ኪኒን አልሰጠሁም። ማንንም አልነከሰም።» ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው «እሺ፣ አሁን አንተ ጠይቀኝ» አሉ።