ስልክ ሲያስቸግር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የሳይንስ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን እንድንናገር ስንጠየቅ፥ ስለ ጠፈር ወይም ስለ አቶም እናወራ ዘንድ የጠበቁ ጓደኞች ነበሩ። እኛ ግን በየኪሳችሁ ስላለው ስልክ ለመናገር ተነሥተናል። ይኸውም ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት በቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ጠረጴዛ አውጥተን፥ ስልኩ ያስቸገረው ሁሉ እንዲመጣ ብለን ስለ ነበረ፥ ያየነውን ብንነግራችሁ ይጠቅማል በማለት ነው። የተሰነጠቀ መስተዋትና ያበጠ ባትሪ የጠጋኝ ሥራ ስለ ሆነ አልነካንም። የእኛ ሥራ ስልኩ ደኅና ሆኖ ሳለ በውስጡ ያለው ነገር እንቢ ሲል ነው።

ከሁሉ በፊት ያስደነቀን የቀን ነገር ነው። አንድ አባት መጥተው፥ «ኢንተርኔቱ ካርድ ብሞላለትም አይከፍትም፤ ባለፈው ሳምንት ያነሣሁት የልጄ ክርስትና ፎቶም ጠፋ» አሉን። ሁለት የተለያዩ በሽታዎች መስለውን ብዙ ደከምን። በኋላ ከመካከላችን አንዱ ቀኑን ቢመለከት 2017 ይላል። እርሳቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በእጃቸው ሞልተውት ኖሯል። ስልኩ ግን የሚያስበው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነውና በእርሱ ዘንድ ዘመኑ 2025 መሆን ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ አንድን ገጽ ከመክፈቱ በፊት የገጹን የምስክር ወረቀት ይመረምራል፤ በወረቀቱም ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል አለበት። የስልኩ ቀን 8 ዓመት ወደ ኋላ ሲቀር፥ ወረቀቱ ገና ያልተጻፈ ይመስለውና በሩን ይዘጋል። ፎቶውም የጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው። የፎቶው ማኅደር በቀን ተራ ስለሚደረድር፥ ክርስትናው ከ8 ዓመት በፊት እንደ ተነሣ ተቆጥሮ ከሁሉ በታች ወርዶ ነበር። በጣታችን እየገፋን እስከ መጨረሻው ስንወርድ ሕፃኑ ነጭ ለብሶ ተገኘ። እንግዲህ በሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓት ከሚለው ገብታችሁ፥ ስልኩ በራሱ እንዲሞላ አድርጉት። የሰዓቱም ነገር እንደዚሁ ነው፤ የእኛ የጠዋት 3 ሰዓት በስልኩ 9 ነው። የአገራችንን ቀን የሚያሳይ ካሌንደር ለብቻው መጫን ይቻላል።

ሁለተኛው የቪዲዮ ነገር ነው። «ድምፁ ይሰማል፤ ምስሉ ግን ጥቁር ነው» የሚሉን ብዙ ናቸው። ኤም ፒ ፎር የሚለው የፋይሉ መጨረሻ የሣጥኑ ስም እንጂ የዕቃው ስም አይደለም። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ምስል ኤች 264 በሚባለው ወይም ከእርሱ በኋላ በ2013 በወጣው በኤች 265 ታጥፎ ሊሆን ይችላል፤ የቆየ ስልክ ሁለተኛውን መፍታት ያቅተዋል። ቪኤልሲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም አብዛኛውን ይከፍታል፤ ነገር ግን የስልኩ ጉልበት ካነሰ ይንቀራፈፋል። አንድ ጓደኛችን የፋይሉን መጨረሻ በእጁ ለውጦ «አሁን ኤም ፒ ስሪ ሆነ» ብሎን ነበር። በገብስ ጆንያ ላይ ጤፍ ብሎ ቢጽፍ እንጀራ ይጋገርለት ይመስለዋልን? አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ከአይፎን የሚልኩት ፎቶ አልከፈት ሲልም ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው፤ አይፎን ከ2017 ጀምሮ ሄይክ በሚባል አዲስ ዓይነት ስለሚያስቀምጥ፥ ላኪው በጄፔግ እንዲልክ ንገሩት። አንዳንዴ ደግሞ ፋይሉ በግማሽ ብቻ ወርዶ ይሆናል፤ መጠኑን ከላኪው ጋር አስተያዩ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። አንዲት ተማሪ የሚሞሪ ካርድ ይዛ መጣች። ስልኩ «ካርዱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ይደረግ?» እያለ ይጠይቃታል። እርስዋ ግን እሺ አላለችም፤ ይህ ጥበቧ አዳናት። የካርድ መዝገብ እንደ ቤተ መጻሕፍታችን ማውጫ ነው፤ ማውጫው ቢቀደድም መጻሕፍቱ በመደርደሪያው ላይ አሉ። የሚጠፉት በቦታቸው ሌላ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ ካርዱን ወዲያው አወጣነው፤ አንድም አዲስ ፎቶ አላነሣንበትም። ፎቶሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም በኮምፒውተር አስፈለግነው፤ የተገኘውንም በሌላ ዲስክ አስቀመጥን። ስማቸው ሁሉ ጠፍቶ ቁጥር ብቻ ሆነው ወጡ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ወጡ።

ይህን ስንናገር የተሳሳትንበትንም መደበቅ አይገባንም። አንዲት እናት ስልካቸው ሞልቶ ስታክ እያደረገ አስቸገራቸው። ቦታ የያዘው ምን እንደ ሆነ ስንፈልግ የድምፅ መቅጃው ፕሮግራም ሆኖ አገኘነው። እዚያ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ካሽ ያጠፋል፥ ሁለተኛው ዳታ ያጠፋል። ካሽ ማለት ፕሮግራሙ ለፍጥነት ሲል ያከማቸው ትርፍ ቅጂ ነው፤ ቢጠፋ ተመልሶ ይመጣል። ዳታ ግን የባለቤቱ ንብረት ነው። ስልኩ አስጠንቅቆን ነበር፤ እኛ ሳናነብ በችኮላ ዳታ የሚለውን ነካን። በውስጡ የሟች አባታቸው ድምፅ ነበረ፤ ተረታቸውና ምርቃታቸው። ከካርድ ላይ እንደምናወጣው ለማውጣት ብንሞክር አልሆነም፤ በዛሬዎቹ ስልኮች ውስጥ ያለው በምስጢር ቍልፍ ተቈልፎ ስለሚቀመጥ፥ አንዴ ከጠፋ የሚመለስበት መንገድ የለም ለማለት ይቻላል። እናትየዋ አልተቈጡንም፤ ዝም ብለው ስልኩን ተቀብለው ሄዱ። ቢቈጡን ይሻለን ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጠረጴዛችን ላይ አንድ ደብተር አለ። ባለቤቱ በስልኩ ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚሳሳለትን ነገር በመጀመሪያ ይጽፍልናል፤ እርሱን በሌላ ዲስክ ገልብጠን፥ ከፍተን አይተንና ሰምተን ሳናረጋግጥ አንድም ቁልፍ አንነካም።

እናትየዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። ከቅጂዎቹ አንዱን ቀደም ብለው ጅዳ ላለው ወንድማቸው በቴሌግራም ልከውለት ኖሮ፥ እርሱ መልሶ ልኮላቸው ነበር። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ምርቃቱ ግን አለበት። በሦስት ቦታ ገልብጠንላቸዋል።

የፊታችን ቅዳሜም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በበረንዳው ላይ ነን። ቻርጀራችሁን ይዛችሁ ኑ።