ስም ስላስቸገረች አንዲት የተራራ ተክል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



ጠቢቡ ሰሎሞን ስለ ታላቁ የሊባኖስ ዝግባ ብቻ ሳይሆን በግንብ ላይ ስለሚበቅለው ስለ ታናሹ ሂሶጵም እንደ ተናገረ በቅዱስ መጽሐፍ እናነባለን። እኔም ይህንኑ ምሳሌ በመከተል ስለ አንዲት ታናሽ ተክል እናገራለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሞስ የሚባለው በእርጥብ ድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚነጠፈው አበባ የሌለው ተክል ነው። ኖሪዎ ታካኪ የተባሉ ጃፓናዊ የሞስ ሊቅ በአገራቸው ከፍተኛ ተራሮች ላይ ቁመቷ ከአንድ ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ተክል አገኙ። ቅጠሎቿ እንደ ቀጫጭን ጣቶች ስለ ነበሩ ወገኗን መለየት አስቸገረ። ጃፓናውያንም «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» እንደ ማለት ያለ ስም አወጡላት። በ1958 ሐቶሪና ኢኖዌ የተባሉ ሊቃውንት መልኳን በዝርዝር ጽፈው ለአግኚዋ መታሰቢያ ታካኪያ ብለው ሰየሟት። በሂማላያ ተገኝታ በ1861 በሌላ ስም የተመዘገበች ተክልም እኅቷ መሆኗ ኋላ ታወቀ።

ሆኖም ፍሬዋን ያየ ሰው ስላልነበረ፥ ብዙዎች የሞስ ዘመድ ከሆነው ከሊቨርወርት ወገን ቆጠሯት። በ1990 ግን በአላስካ አጠገብ ባሉት በአሌውሽያን ደሴቶች የእኅቲቱ ፍሬ ተገኘ፤ ጥናቱም በ1993 ታተመ። እንደ ዘር የሚያገለግለውን ብናኝ የያዘው ከረጢት በመካከሉ ምሰሶ ነበረው። እንዲህ ያለ ምሰሶ በሞስ እንጂ በሊቨርወርት አይገኝም። ስለዚህ ታካኪያ ሞስ መሆኗ ተረጋገጠ።

ጓደኞቼ ሆይ! የ1958ቱ ሊቃውንት ያዩትን ብቻ በጥንቃቄ ስለ ጻፉ፥ ከ30 ዓመት በኋላ የመጡት ሥራቸውን አቃኑት እንጂ አላፈረሱትም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለሳይንስም ይሠራል።

ነገር ግን ትዕግሥት ማለት መዘግየት አይደለም። በ2023 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ በቲቤት ከ4000 ሜትር በላይ የምትበቅለው ታካኪያ የአየሩ ሙቀት እየጨመረ በመሄዱ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰች ነው። ታውቃ ሳታልቅ ልትጠፋ ትችላለች።

እንግዲህ ወደ ስሜን ወይም ወደ ባሌ ተራሮች ስንወጣ፥ በድንጋዩ ላይ ያለውን አረንጓዴ ነገር ረግጠን ከማለፋችን በፊት ጐንበስ ብለን እንመልከተው፤ ያየነውንም በደብተራችን እንጻፍ።