ፍኖት ማለት መንገድ ነው

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ መንገድ ነው። እስቲ በመጀመሪያ አንድ ስም አብረን እናንብብ። ፍኖተ ሰላም። «ፍኖት» የግዕዝ ቃል ነው፤ መንገድ ማለት ነው። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ስሙ ያማረ ነው። ስሙ እውነት እንዲሆን ግን በመንገዱ የሚሄድ ሁሉ ድርሻ አለው።

ስለ መንገዱ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር የሚገባው አውራ ጎዳና በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳና በቡሬ ያልፋል። ቡሬ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ እንጅባራና ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል፤ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ነቀምት ይደርሳል። በቡሬ የግብርና ምርት የሚቀነባበርበት የኢንዱስትሪ ፓርክም በ2013 ዓ.ም ተመርቋል። እንግዲህ በዚህ መንገድ የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ባጃጁና ጋሪው ይሄዳል። በቆሎ የጫነች አህያ፣ እንስራ ያዘለች እናት፣ ደብተር የያዘ ልጅም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። መንገዱ አንድ ነው፤ ተጓዡ ብዙ ነው። አደጋውም የሚመጣው ከዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በመንገድ አደጋ በዓለም ላይ በዓመት 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰው ይሞታል። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው።

ሰው በመኪና ሲሞት «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ይህ አነጋገር ሐዘንተኛን ያጽናና ይሆናል። ለነገ የሚሻገረውን ልጅ ግን አያድነውም። ልጁን የሚያድነው ማወቅ ነው።

መኪና ሩቅ ሲመስል ቅርብ ነው

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። በክንድ ቢለካ 34 ክንድ ገደማ ነው። አንድ ሰከንድ ምን ያህል ናት? ቀስ ብላችሁ «አንድ፣ ሁለት» ስትሉ በመካከሉ ያለችው ጊዜ ናት።

አሁን እናስላ። የአስፋልቱ ስፋት 7 ሜትር ቢሆን፣ ጤነኛ ሰው ለመሻገር 6 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በ6 ሰከንድ ውስጥ መኪናው 100 ሜትር መጣ ማለት ነው። ሸክም ያለበት ሰው፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት ወይም ልጅ የምትጎትት እናት ግን 10 ሰከንድ ቢፈጅባቸው፣ መኪናው 170 ሜትር ይመጣል። ስለዚህ «ገና ሩቅ ነው፤ እደርሳለሁ» አትበሉ። አሳልፋችሁት ተሻገሩ።

ሾፌሩ ፍሬን ስለያዘም መኪናው ወዲያው አይቆምም። አይቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ መኪናው 17 ሜትር ሄደ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ደህና ቢሆን እንኳ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ዝናብ ካለ ወይም ጭነቱ ከከበደ ይብሳል። ቁልቁለት የወረደ በሬ «ቁም!» ስላሉት ባንዴ ይቆማል እንዴ? መኪናም እንደዚያው ነው።

በየት በኩል እንሂድ?

በአገራችን ቀድሞ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነበር። በ1956 ዓ.ም ተለውጦ በቀኝ ሆነ። እግረኛ ግን ግራውን ይዞ መሄድ አለበት። ለምን ቢሉ፣ ግራውን የያዘ እግረኛ በአጠገቡ የሚያልፈውን መኪና ፊት ለፊት ያየዋል። ቀኙን የያዘ ግን መኪናው ከኋላው ይመጣበታል። ሰው ደግሞ በጀርባው ዓይን የለውም።

ስትሻገሩ ቆም በሉ። ግራ እዩ፣ ቀኝ እዩ፣ እንደገና ግራ እዩ። የእግረኛ መሻገሪያ ቀለም፣ ዜብራ የምንለው፣ በአቅራቢያችሁ ካለ በእሱ ተሻገሩ። ከአውቶቡስ ወርዳችሁ በፊቱ በኩል ብቅ አትበሉ፤ ሌላው ሾፌር አያያችሁም። አውቶቡሱ ይሂድና ከዚያ ተሻገሩ።

ገሳ የለበሰ እረኛ ጎንና ጎኑን አያይም። ከመሻገሩ በፊት ገሳውን ገለጥ ያድርግ። ጥላ የያዘም ጥላውን ከፍ ያድርግ። ከብት ስትነዱ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይሁን። በማታ ጥቁር ብርድ ልብስ የደረበ ሰው ለሾፌር አይታይም። ነጭ ነጠላ ወይም ነጭ ጋቢ ግን የመኪናው መብራት ሲያርፍበት ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ ነጩን ከላይ ደርቡት።

በርበሬና እህል በአስፋልት ዳር አታስጡ። ልጆችም ኳሳቸውን በሜዳ ይጫወቱ እንጂ በጎዳና አይሁን።

ሾፌሮችም ስሙ! ባጃጅ የምትነዳ ወንድሜ፣ በመቀመጫህ ጎን ሰው አትደርብ። በገበያ ቀን ፍጥነትህን ቀንስ። ጋሪ የምትነዳም ሲመሽ ጋሪህ ከኋላ የሚታይ ነገር ይኑረው።

አደጋ ቢደርስስ?

የተጎዳውን ሰው ጎትታችሁ አታንሱ፤ አጥንቱ ተሰብሮ ይሆናል። የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ውኃም ሆነ ምግብ አትስጡት። ሰው ልካችሁ አምቡላንስና ትራፊክ ፖሊስ ጥሩ።

ገጪው አምልጦ ቢሄድስ? ንባብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ትናንት ፊደል ያልለየ ሰው «ነጭ መኪና ነበረች» ብቻ ይላል። ነጭ መኪና ደግሞ ብዙ ነው። ዛሬ እናንተ ታርጋውን ታነባላችሁ። ፊደሉንና ቁጥሩን ጻፉ። ወረቀት ከሌለ በእጃችሁ መዳፍ ላይ ጻፉ፤ በመሬት ላይም ቢሆን ጫሩ። ያቺ ጽሑፍ ለሟች ልጆች ካሳ፣ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ትሆናለች።

በ2005 ዓ.ም የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ በመኪና የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ደንግጓል። ገጪው ሳይታወቅ ለቀረ ሰውም የመድን ፈንድ እንዲደርስለት አዟል። ስለዚህ «ገጪው ጠፍቷል፤ ምን ይደረጋል?» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ጠይቁ።

ማመልከቻ እንጻፍ

መሻገሪያ በሌለበት ቦታ ልጆቻችሁ የሚሻገሩ ከሆነ፣ በዕድራችሁ ተነጋግራችሁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ለከተማው አስተዳደር። እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው ነዋሪዎች፣ ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ አስፋልት ይሻገራሉ። በቦታው የመሻገሪያ ቀለምም፣ የመኪና ፍጥነት መቀነሻ ጉብታም የለም። እንዲሠራልን በአክብሮት እናመለክታለን።»

ከሥሩ ሁላችሁም ስማችሁን ጻፉ። አውራ ጣት በቀለም መንከር ቀርቷል። በገዛ እጃችሁ የጻፋችሁት ስም ክብደት አለው። መልስ ቢዘገይ ሁለተኛ ጻፉ።

ጥያቄዎች

1. እግረኛ ግራውን ይዞ የሚሄደው ለምንድን ነው?
2. በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ6 ሰከንድ ስንት ሜትር ይሄዳል?
3. በአካባቢያችሁ ለልጆች አደገኛ የሆነው መሻገሪያ የትኛው ነው? ስሙን በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያም ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።

በደህና ሂዱ፣ በደህና ግቡ!